የጽሕፈት ቤት ኮምፒውተርን በሊኑክስ ከኢንተርኔት ስለ ማገናኘት

ለጓሳ አምባ በምትቀርበው በመሐል ሜዳ የሚነግድ ሰው በጉን፥ ባናውንና የበግ ጠጉሩን ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ ከመላኩ በፊት የዕለቱን ዋጋ ማወቅ ይገባዋል። ዋጋ ሳያውቅ የጫነ ነጋዴ ትርፉን ለደላላ ይተዋል። ስለዚህ የመደብሩን ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ማገናኘት ከብክነት የሚቈጠር አይደለም።

የፈቃድ ዋጋ የማይከፈልበት ሥርዓት ሊኑክስ ይባላል። ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ ነው፤ ኡቡንቱ የተባለውም ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2004 ወጣ።

አገናኙ እንደሚከተለው ነው። የመደበኛ ስልክ መስመርና ሞደም ያለው ሰው የኔትወርኩን ገመድ ከሞደሙ ወደ ኮምፒውተሩ ጀርባ ይሰካል፤ ሞደሙ አስቀድሞ የተስተካከለ ከሆነ ኮምፒውተሩ አድራሻውን ራሱ ይቀበላል። መስመር የሌለው ግን የእጅ ስልኩን በዩኤስቢ ገመድ ያያይዝና በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ኢንተርኔት በዩኤስቢ የሚካፈልበትን ይከፍታል። ሊኑክስም ስልኩን እንደ ባለገመድ መስመር ይቀበለዋል።

ከዚህ በኋላ ሁለት ነገሮች ጥንቃቄ ይሻሉ። አንደኛው የገንዘብ ነገር ነው። ሥርዓቱ ራሱን ሲያድስ በመቶ የሚቈጠር ሜጋባይት ሊያወርድ ስለሚችል፥ የተገዛው ጥቅል ባለቤቱ ሳያውቅ ያልቃል። ስለዚህ በመስመሩ ማስተካከያ ላይ በመጠን የሚከፈልበት መሆኑን ማመልከት ያሻል። ነገር ግን ማደሱ ከሌቦች የሚጠብቅ በመሆኑ ጨርሶ መተው አይገባም፤ ጥቅል በተረፈ ቀን ይፈጸም።

ሁለተኛው የቀን ነገር ነው። ጸሐፊው በልማድ የኢትዮጵያን ዓመተ ምሕረት ያስገባ እንደሆነ ኮምፒውተሩ 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል። በዚያን ጊዜ የባንኩ ገጽ የሚያቀርበው የዋስትና ሰነድ ዘመኑ ገና ያልደረሰ ስለሚመስለው፥ ኮምፒውተሩ ገጹን አልከፍትም ይላል። ባለቤቱም ጥፋቱን በመስመሩ ላይ ያላክካል። መድኃኒቱ የአዲስ አበባን የሰዓት ክልል መርጦ ቀኑ በራሱ እንዲስተካከል ማዘዝ ነው። መብራት በጠፋ ቍጥር ቀኑ የሚዛባ ከሆነ ግን በውስጡ ያለችው ሳንቲም የምታህል ባትሪ አልቃለችና ትለወጥ።

ይህን ያስተዋለ ነጋዴ ለጠጋኝ የሚከፍለውን ያተርፋል፤ ገበያውንም ሳይቀደም ይደርስበታል።