ሐዲዱ ቀድሞ አለፈ፣ ጣቢያው ዘግይቶ መጣ

ከቴል አቪቭ ወደ ደቡብ ሲወረድ ያቭኔ፣ ገደራና ቂርያት መላኺ ተቀራርበው ይገኛሉ። በሦስቱም ከኢትዮጵያ የመጡ ብዙ ቤተሰቦች ይኖራሉ። ሦስቱም ከባቡር ሐዲድ እምብዛም አይርቁም። ከባቡሩ የሚያገኙት ጥቅም ግን እኩል አይደለም። ያቭኔ ሁለት ጣቢያ አላት። ቂርያት መላኺ በስሟ የሚጠራ ጣቢያ ቢኖራትም የሚገኘው ከከተማው ውጭ ነው። ገደራ ደግሞ የራሷ ጣቢያ የላትም። ብዙ ሰው ይህን ልዩነት የዕድል ጉዳይ አድርጎ ያየዋል። የመስመሮቹ ታሪክ የሚናገረው ግን ሌላ ነው፦ ሐዲዶቹ ሲዘረጉ የእነዚህ ከተሞች ነዋሪ በማንም ሐሳብ ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ ሐዲድ በአጠገቡ ስላለፈ ብቻ ከተማ ከአገሩ ጋር ተገናኘ ማለት አይቻልም። የሚያገናኘው ባቡሩ የሚቆምበት ቦታ፣ ቦታው ከሰዉ ቤት ያለው ርቀት፣ ያንንም ርቀት የሚሸፍነው አውቶቡስ ነው።

የመጀመሪያው ባቡር ከያፎ ወደ ኢየሩሳሌም የተጓዘው በመስከረም 1892 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሐዲዱን የዘረጋው የፈረንሳይ ኩባንያ ሲሆን ከመርከብ የሚወርዱ ተሳላሚዎችንና ነጋዴዎችን ወደ ቅድስት ከተማ ያደርስ ነበር። መስመሩ በሎድና በራምላ አድርጎ ወደ ተራራው ስለሚወጣ፣ በ1884 የተመሠረተችው ገደራ ከባቡሩ ስምንት ዓመት ብትቀድምም ከመንገዱ ውጭ ቀረች። ሐዲዱን ወደ ደቡብ ያዞረው ጦርነት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የኦቶማን ጦር በስዊዝ ቦይ ላይ የሰፈሩትን እንግሊዞች ለማጥቃት ስንቅና ወታደር ወደ ሲና የሚያደርስ መስመር አስፈለገው። ቀደም ሲል የሒጃዝን ባቡር ያሠራው ጀርመናዊው መሐንዲስ ማይስነር ፓሻ ሥራውን መራ፤ ከሶሬክ ሸለቆ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የወረደው ሐዲድም በጥቅምት 1915 ቤር ሼቫ ገባ። ብረት በማነሱ ከያፎ እስከ ሎድ የነበረው ሐዲድ ተነቅሎ ለጦሩ መስመር ዋለ። እንግሊዞችም ከግብፅ ቃንታራ ተነሥተው በበረሃው ላይ የራሳቸውን ሰፋ ያለ ሐዲድ እያነጠፉ ገሠገሡ። በ1918 ሎድ ሲደርሱ መስመራቸው በጋዛ፣ በአሽዶድና ያኔ ኢብና ትባል በነበረችው መንደር በኩል አልፎ ነበር።

የዛሬው የደቡብ ባቡር ዋና ዋና መስመሮች መነሻቸው እነዚህ ሁለት የጦር ሐዲዶች ናቸው። አንዱ በባሕሩ ዳርቻ በኩል በረሖቮትና በያቭኔ አድርጎ ወደ አሽዶድና አሽቀሎን ይሄዳል። ሌላው ከሎድ ተነሥቶ ወደ ውስጥ ይገባና ከቂርያት መላኺ በስተምሥራቅ አልፎ በቂርያት ጋት ወደ ቤር ሼቫ ይወርዳል። በ1948 ጦርነት ከካይሮ ሃይፋ ይዘልቅ የነበረው ጉዞ ተቋረጠ። የኢብና ነዋሪዎችም በዚያው ጦርነት ወጡ፤ በቦታው የዛሬዋ ያቭኔ ተቆረቆረች። ቂርያት መላኺም በ1950ዎቹ መጀመሪያ ማዕባራ በሚባለው የአዲስ ገቢዎች ጊዜያዊ ሰፈር ጀመረች። በ1956 መንግሥት የቤር ሼቫን መስመር በከፊል የቱርኮቹን ጎዳና ተከትሎ አዲስ አድርጎ ሠራው። ከመስመሩ ትልቁን ጥቅም ያገኘው ግን ጭነት ነበር፤ የኔጌቭ ፎስፌትና የሙት ባሕር ፖታሽ በባቡር ወደ አሽዶድ ወደብ ይጓዝ ጀመር። የሰው ባቡር ወደ ቤር ሼቫ መሄዱን ለረጅም ዓመታት አቁሞ የተመለሰው በ1990ዎቹ ነው። እንግዲህ አስቡት፦ ከኢትዮጵያ የመጡ ወገኖች ወደ እስራኤል በተደረጉት የ1984 እና የ1991 ዘመቻዎች ደርሰው በእነዚህ ከተሞች ሲሰፍሩ ሐዲዱ ሰባ ዓመት ገደማ አልፎት ነበር። ለእነሱ የሚቆም ባቡር ግን አልነበረም።

ለውጡ የመጣው ባቡር የከተማ ሰው የየዕለት መጓጓዣ መሆን ሲጀምር ነው። በ1993 በአያሎን በኩል የተዘረጋው ሐዲድ በቴል አቪቭ ተለያይተው የነበሩትን የሰሜንና የደቡብ መስመሮች አገናኘ። በ1990 በዓመት 2.5 ሚሊዮን ገደማ የነበረው የተሳፋሪ ቁጥር በ2019 ወደ 69 ሚሊዮን ደረሰ። በዚህ ዘመን ያቭኔ ተጠቀመች። ያቭኔ ምሥራቅ የሚባለው ጣቢያዋ በአሮጌው የእንግሊዞች መስመር ላይ ነው። በ2012 ደግሞ በሪሾን ለጽዮን በኩል በሚመጣው አዲስ መስመር ላይ ያቭኔ ምዕራብ ተከፈተ፤ በሚቀጥለው ዓመትም መስመሩ እስከ አሽዶድ ተቀጠለ። ቂርያት መላኺ እስከ 2018 ጠበቀች፤ ያኔ የተከፈተው ጣቢያ የእሷንና የአጎራባቹን የዮአቭ ወረዳ ምክር ቤት ስም አጣምሮ ይዟል። የተሠራው ሐዲዱ ባለበት እንጂ ሰዉ ባለበት ስላልሆነ ከከተማው በእግር ተነሥቶ የሚደረስበት አይደለም። የገደራ ሰው ደግሞ ወደ ረሖቮት፣ ወደ ያቭኔ ወይም በቅርብ ዓመታት ወደ ተከፈተው የማዝኬረት ባትያ ጣቢያ መሄድ አለበት። በካርታ ላይ ሦስቱም ከተሞች ለባቡር ቅርብ ናቸው። በጠዋት ሥራ የሚገባ ሰው ሰዓቱን ሲቆጥር ግን ርቀታቸው በጣም ይለያያል።

ጣቢያ ከሐዲድ የበለጠ ዋጋ እንዳለው ከኢትዮጵያ ታሪክም መማር ይቻላል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት ፈቃድ ከጅቡቲ የሚነሣ ባቡር ወለደ። ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስለከበደው ቆላውን ተከትሎ አለፈ፤ በ1902 በደረሰበት ሜዳም ድሬዳዋ ተቆረቆረች። የዘመናት የንግድ ማዕከል የነበረችው ሐረር በጎን ስትቀር ባቡሩ የቆመበት ሜዳ ትልቅ ከተማ ሆነ። በ1917 ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባ ጣቢያው ለገሃር ለከተማዋ መካከል ቅርብ ስለነበር ዙሪያው ሆቴል፣ መጋዘንና ገበያ አፈራ። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ግን ለአዲስ አበባ ተሳፋሪ ያዘጋጀው ጣቢያ በከተማዋ ዳር በፉሪ ለቡ ነው። ዘመናዊ ባቡር ለመሳፈር በቅድሚያ ሌላ ረጅም የከተማ ጉዞ ያስፈልጋል። አገሩና ዘመኑ ቢለያዩም የቂርያት መላኺ ችግር ከዚህ ጋር አንድ ነው።

ባቡር ለእነዚህ ከተሞች ይቁም፣ ጣቢያውም ይቅረባቸው የሚለውን ሐሳብ የሚቃወሙ ሰዎች ክብደት ያላቸው ምክንያቶች አሏቸው። አንደኛው፣ ባቡር በየትንሹ ከተማ ከቆመ ከቤር ሼቫ ወደ ቴል አቪቭ የሚሄደው ሰው ጊዜ ይባክናል የሚል ነው። እውነት ነው፤ እያንዳንዱ ማቆሚያ ደቂቃዎች ይወስዳል። ነገር ግን ይህ ክርክር ጠንካራ የነበረው ሐዲዱ ነጠላ በነበረበትና አንዱ ባቡር ሌላውን ቆሞ ይጠብቅ በነበረበት ዘመን ነው። የቤር ሼቫ መስመር በ2012 አካባቢ ጥንድ ሆኗል። በመላ አገሪቱ እየተስፋፋ ያለው የኤሌክትሪክ ባቡርም ከናፍጣው ፈጥኖ ስለሚነሣ የአንድ ማቆሚያ ኪሳራ ይቀንሳል። በዚያ ላይ ፈጣንና ዘገምተኛ ባቡሮችን አፈራርቆ ማስኬድ ይቻላል። ሁለተኛው ተቃውሞ ትንሽ ከተማ በቂ ተሳፋሪ አያመጣም ይላል። ነገር ግን ከአሽቀሎን ወደ ቤር ሼቫ በተሠራው መስመር ላይ ስዴሮት በ2013፣ ነቲቮትና ኦፋቂም በ2015 ጣቢያ ሲከፈትላቸው ትልልቅ ከተሞች ስለሆኑ አልነበረም። መንግሥት ሐዲድ ለዳር አገር ሰው የሥራና የትምህርት በር ነው ብሎ ስላመነ ነው። ያ እምነት ለስዴሮት ከሠራ ለቂርያት መላኺና ለገደራም ሊሠራ ይገባል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብዳል፦ ሐዲዱን አንሥቶ ወደ ከተማ መካከል መውሰድ አይቻልም፣ ሰዉም መኪና አለው፣ መንገድ ቁጥር 4፣ 40 እና 6 ቅርብ ናቸው የሚል ነው። የመጀመሪያውን ግማሽ እቀበላለሁ፤ ከመቶ ዓመት በፊት የተወሰነውን የመስመር አቅጣጫ ዛሬ መለወጥ ውድ ነው። ክርክሬም በዚሁ ይጠነክራል። ሐዲዱ የማይንቀሳቀስ ከሆነ መንቀሳቀስ ያለበት አውቶቡሱ ነው፤ የአውቶቡስ መስመር ለመለወጥ ደግሞ ተራራ መብሳት አያስፈልግም። ሁለተኛውን ግማሽ ግን አልቀበልም። መኪና የሌላቸው ብዙ ናቸው፦ ከጦር ሰፈር ለሰንበት የሚመለስ ወታደር፣ ኮሌጅ የምትማር ልጅ፣ ጎህ ሳይቀድ ሥራ የሚገባ የፈረቃ ሠራተኛ፣ ሐኪም ቤት የሚመላለሱ አባትና እናት። አንድ መኪና ያለው ቤተሰብም ቢሆን መኪናው ከአንዱ ጋር ሲሄድ ሌሎቹ በአውቶቡስ ላይ ይቀራሉ። ለእነዚህ ሰዎች በባቡሩ ሰዓት የማይመጣ አውቶቡስ ማለት ጣቢያው የለም ማለት ነው።

ስለዚህ በእነዚህ ከተሞች ያለ ነዋሪ ስለ ባቡር ሲያስብ ጥያቄውን ከሐዲዱ ወደ መዳረሻው ማዞር አለበት። ለትራንስፖርት ሚኒስቴርና ለከተማው ምክር ቤት የሚቀርበው ጥያቄ ቁርጥ ያለ መሆን ይችላል፦ ከእያንዳንዱ ሰፈር ወደ ጣቢያው የሚሄድ አውቶቡስ፣ የባቡሩን መምጫና መሄጃ የሚከተል የጊዜ ሰሌዳ፣ የሌሊቱን የመጨረሻ ባቡር የሚጠብቅ የመጨረሻ አውቶቡስ፣ ለአዛውንቶች መቀመጫና ጥላ ያለው መጠበቂያ፣ በአማርኛም የተጻፈ መረጃ። ይህ ሁሉ ከአዲስ ሐዲድ ጋር ሲነጻጸር ወጪው ትንሽ ነው። የቱርክና የእንግሊዝ ጦሮች ሐዲዱን የዘረጉት ለራሳቸው ዓላማ ነበር፤ የመንግሥት ኩባንያዎችም ለጭነታቸው ተጠቀሙበት። በዚህ አካባቢ የሚኖረው ሕዝብ ደግሞ እንደማንኛውም ዜጋ ግብር ይከፍላል፣ ልጆቹንም ወደ ጦር ይልካል። በአጠገቡ በሚያልፈው ባቡር በእኩልነት እንዲገለገል መጠየቁ ልመና አይደለም፤ መብቱ ነው፤ መብት ደግሞ በግልጽና በጽናት መጠየቅ አለበት።