«አይዞህ» ያሉ ሴቶች

ባለፈው ወር ወደ ሆሣዕና ወርደን ሳለ፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት ወጣት ሠራተኞች ጋራ ቡና ለመጠጣት ተቀመጥን። ጨዋታው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ቆይቶ በመጨረሻ ወደ ቃኘው ሻለቃ አመራ። ቃኘውን የማያውቅ ከመካከላችን አልነበረም። አንደኛው በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ በመርከብ መሳፈራቸውን አነሣ፤ ሌላው 253 ጊዜ መዋጋታቸውን፣ ሦስተኛውም አንድ ሰው እንኳ ሳይማረክባቸው መመለሳቸውን እየተሽቀዳደሙ ነገሩን። እኛም በበኩላችን ከ120 በላይ መሞታቸውን፣ 536 መቁሰላቸውን ጨመርንበት። ቡናውን ስታፈላ የነበረችው ልጅ ግን ስኒውን እያቀረበች፣ ለመሆኑ የቆሰሉትን ማን አስታመማቸው? ስትል ጠየቀች።

ሁላችንም ዝም አልን። ዩኒቨርሲቲ ገብተን ከወጣን ገና ብዙ ያልቆየን ሰዎች ነንና፣ የሞተውን ቈጥረን የዳነውን ማን እንዳዳነው ሳንጠይቅ መኖራችን አሳፈረን።

መልሱ እነሆ። በኮሪያ ግንባር ክፉኛ የቆሰለ ወታደር ወደ ጃፓን ይወሰድና እዚያ በሚገኝ የአሜሪካ ጦር ሆስፒታል ይተኛ ነበር። ኢትዮጵያውያኑን ቁስለኞች ያስታምሙ ዘንድ ከአገራችን ነርሶች ተልከዋል። ኢትዮጵያ ዘመናዊ የነርስ ትምህርት ቤት የከፈተችው በ1940ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ነውና፣ እነዚህ ሴቶች ከሙያው የመጀመሪያ ፍሬዎች መካከል የሚቈጠሩ ናቸው።

ፋሻ መጠምጠምንና መርፌ መውጋትን የማንኛውም አገር ነርስ ታውቀዋለች። ነገር ግን ከአገሩ እጅግ ርቆ የሄደ፣ በረዶን ለመጀመሪያ ጊዜ በጫማው የረገጠ፣ ያለ አስተርጓሚ ሕመሙን መናገር የማይችል ወታደር በሌሊት ሲያቃስት «አይዞህ ወንድሜ፣ የቱ ጋ ነው የሚያምህ?» የሚል ድምፅ በገዛ ቋንቋው ቢሰማ፣ ይህ በየትኛው የመድኃኒት መዝገብ ይጻፋል? ከሀዲያ ወይም ከከምባታ ቤት ወጥቶ ለዘመተማ ነገሩ እጥፍ ነው። እናቱ በሀዲይኛ ወይም በከምባትኛ ያሳደገችው ልጅ፣ በጦር ሠፈር የለመደውን አማርኛ ባሕር ማዶ ሲሰማ የእናቱ ጓዳ ሳይታወሰው አይቀርም። (ይህን ስንል ከወጣቶቹ አንዱ፣ አዲስ አበባ ተማሪ ሳለ ታክሲ ውስጥ ከምባትኛ የሚናገሩ ሴቶች ሰምቶ ጨዋታቸውን ሲያዳምጥ መውረጃውን እንዳለፈ አጫወተን።)

በሌላውም ዓለም ይህን መሰሉ ሥራ እንደ ቀላል የታየበት ጊዜ ብዙ ነው። ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. በኮሪያ ተኩስ ከቆመ በኋላ፣ የአሜሪካ ቀይ መስቀል ኮሌጅ የጨረሱ ወጣት ሴቶችን ወደዚያ ላከ። ወታደሮቹ በሚያድሉት ዶናት ስም ጠሯቸው። ሥራቸው ቡና ማደል፣ የጥያቄና መልስ ጨዋታ ማዘጋጀት፣ የሚናገርን ሰው ተቀምጦ መስማት ነበር። ተኩስ ቆመ ማለት ወታደሩ ቤቱ ገባ ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ጥይት በማይጮኽበት ቀን ናፍቆት ይበረታል። ኋላም ከ600 የሚበልጡ እንዲህ ያሉ ሴቶች በቬትናም አገልግለዋል፤ ከእነርሱም ሦስቱ ሕይወታቸው እዚያው አልፏል። ከዶናት ማደል በላይ ምን ሠሩ የሚል ሰው ቢኖር ይህን ይወቅ።

በአገራችን ደግሞ የዚህ ሥራ መሠረት ከኮሪያ ዘመቻ በፊት የተጣለ ነው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲወረን፣ በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነት የተቋቋመው የሴቶች ማኅበር ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴን ከፊት አድርጎ ለወታደሩ ፋሻና የመርዝ ጋዝ መከላከያ ጭንብል ያዘጋጅ ነበር። ልዕልቲቱ በስደት ዘመናቸው ለንደን በሚገኝ የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ሙያ ተምረው በ1931 ዓ.ም. ተመረቁ። የንጉሥ ልጅ የበሽተኛ አልጋ ታነጥፋለች ብሎ በዚያን ጊዜ ማን ያስብ ነበር? ከድል በኋላ አገራቸው ገብተው ብዙም ሳይቆዩ፣ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ለቀምት ላይ ዐረፉ፤ ዕድሜያቸው ገና 22 ነበር። በስማቸውም አዲስ አበባ ላይ የመታሰቢያ ሆስፒታል ተሠራ፤ ነርሶችም ሠለጠኑበት። ይህ ሆስፒታል ከዘመናት በኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተብሎ ስሙ ተለወጠ።

የስም ነገር ከተነሣ ዘንድ፣ ወደ ጃፓን ከተላኩት ነርሶች የአንዷን ስም እንኳ ከዚያ ቡና ላይ ከተቀመጥነው መካከል መጥራት የቻለ አልነበረም፤ እኛም ጭምር። ስንቅ ቋጥረው ስለሸኙት እናቶችና፣ የመጣላቸውን ደብዳቤ ጎረቤት ስላስነበቡት ሚስቶችማ ማን ጠይቆ ያውቃል? አንጋጫ የተወለደው ወጣት አያቱ ያንን ጊዜ እንደሚያስታውሱ፣ እርሱ ግን አንድ ቀንም ጠይቋቸው እንደማያውቅ ነገረን። ለመጪው በዓል ሲሄድ እጠይቃቸዋለሁ አለ። ቡና የምታፈላው ልጅ፣ በከምባትኛ እንደ ተናገሩት አድርገህ ጻፈው፣ ትርጉሙ ቆይቶ ይደርሳል ስትል አዘዘችው፤ እርሱም እሺ አለ።

በማግሥቱ ወደ አዲስ አበባ ተመለስን። ከአየር ጤና በተሳፈርንበት ታክሲ ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፦ «ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች! አንድ ሰው የቀረው!» ይል ነበር።