አንበሶች በድንበር ሲጣሉ

እህቶቼ፣ ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሻይ እየጠጣን ስለ አንበሶች ያወራሁትን «ጻፊውና ይባዛ፣ ያልመጡትም ያንብቡት» ስላላችሁኝ ይኸው ጻፍኩት። እኔ የተማርኩት እስከ አሥረኛ ክፍል ነው። አንበሳንም ያወቅሁት ልብስ ስተኩስ ነው። የማዳም አባት፣ ልጆቹ «ጂዶ» የሚሏቸው ሽማግሌ፣ ከምሳ በኋላ የአራዊት ፊልም ካላዩ አይሆንላቸውም። ጆሯቸው ስለደከመ ድምፁን እስከ መጨረሻው ይከፍቱታል። እኔ ከኋላቸው ሸሚዝ እተኩሳለሁ። ያልገባኝን አረብኛ እሳቸውን እጠይቃለሁ፤ የቀረውን ማታ በስልኬ አነባለሁ። እንዲህ ስል አራት ዓመት ሆነኝ።

እኛ አገር አንበሳ ሲባል ንጉሥ ነው። ሳንቲማችን ላይ አለ። ስድስት ኪሎ የሄደችም በአጥር ውስጥ ተኝቶ አይታዋለች። ብቻውን ቆሞ ሁሉን የሚያስፈራ ይመስለናል። ዱር ያለው ወንድ አንበሳ ግን ብቻውን ከሆነ ከቁጥር አይገባም።

ነገሩ ከልጅነቱ ይጀምራል። በአንበሳ ዘንድ ቤቱ የሴቶቹ ነው። እናት፣ ሴት ልጅ፣ አክስት፣ አያት በተወለዱበት ምድር አብረው ይኖራሉ። ወንዱ ግን ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ሲሞላው ይባረራል። (የእኛ ተገላቢጦሽ ነው፤ እኛ ሴቶቹ ወጣን፣ ወንዶቹ ቤት ቀሩ።) ከዚያ በኋላ በሰው ግዛት ጠርዝ ጠርዙን እየሄደ፣ እየተደበቀ፣ ያገኘውን እየበላ ያድጋል። ዕድል ካለው ወንድሞቹና የአክስቶቹ ልጆች አብረውት ተባረዋል። እነሱ ጓደኞቹ ናቸው፤ እስኪሞቱ አይለያዩም። ወንድም የሌለው ደግሞ እንደሱ ብቻውን የቀረ ሌላ ባዳ ፈልጎ ይወዳጃል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን፤ አንበሳ ራሱ ተረቱን ሳይሰማ አይቀርም።

ታንዛኒያ ውስጥ ሴሬንጌቲ በሚባለው ሜዳ አንበሶችን እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ሲያጠኗቸው ኖረዋል። ያገኙት ነገር ያስገርማል። ሁለትና ሦስት ሆነው የሚኖሩት ወንዶች ብዙ ጊዜ ባዳዎች ናቸው። አራትና ከዚያ በላይ የሆኑት ግን ሁልጊዜ ዘመዳሞች ናቸው። ለምን? ብዙ ሲሆኑ አብዛኞቹን ልጆች የሚወልዱት አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ ናቸው። የቀሩት ይዋጋሉ፣ ይቆስላሉ፣ ልጅ ግን የላቸውም። ባዳ ይህን አይቀበልም። ወንድም ከሆነ ግን የወንድሙ ልጅ ያው ደሙ ነው።

የሚጣሉት ለመሬቱ ይመስላል፤ ዋናው ነገር ግን በመሬቱ ላይ ያሉት ሴቶች ናቸው። ድንበሩን በሽንት ያጠጡታል። ሌሊት ያገሳሉ፤ ግሳቱ እስከ 8 ኪሎ ሜትር ይሰማል። አጥኚዎቹ ቁጥቋጦ ውስጥ ድምፅ ማጉያ ደብቀው የእንግዳ ሴቶች ግሳት ለሴት አንበሶች አሰሟቸው። ሴቶቹ ይቆጥራሉ! የአንዲት እንግዳ ድምፅ ከሆነ ተነሥተው ይገጥማሉ፤ የሦስት ከሆነ ግን ያመነታሉ፣ የራቁትን እህቶቻቸውን ይጠራሉ። የወንዶቹ ሌላ ነው። ግዛታቸው ውስጥ የእንግዳ ወንድ ድምፅ ሲሰሙ ጓደኛው ዘመዱ ሆነም ባዳ፣ አብረው ወደ ድምፁ ይሄዳሉ። የአንበሳ አሻንጉሊት አቁመውም ሞክረዋል። ወንዶቹ ጎፈሩ ጥቁርና ረጅም ወደሆነው መቅረብ ይፈራሉ፤ ሴቶቹ ደግሞ የሚመርጡት ጥቁሩን ነው። የስድስት ኪሎዎቹ ጎፈራቸው ጥቁር መሆኑን ለጂዶ ነግሬያቸው ደስ ብሏቸው ነበር።

አሁን የሚከብደው ክፍል መጣ። ባለፈው እሁድ እዚህ ላይ ስደርስ ሁለታችሁ ተነሥታችሁ ወጣችሁ፤ ልጆቻችንን ትተን የመጣን ነንና አልፈርድም። አዲስ ወንዶች የድሮዎቹን አባርረው ሲገቡ ትንንሾቹን ደቦሎች ይገድላሉ። ከቁጣ አይደለም፣ ከርሃብም አይደለም። የጊዜ ጉዳይ ነው። ወንዶቹ ግዛት የሚቆዩት ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ነው። ደቦል ያላት እናት ደግሞ ልጆቿ ዓመት ተኩል፣ ሁለት ዓመት እስኪሆናቸው ሌላ አትወልድም። ልጆቿ ከሞቱ ግን ቶሎ ወንድ ትቀበላለች፤ እርግዝናውም 110 ቀን ገደማ ብቻ ነው። ሌሊት የእንግዳ ወንድ ግሳት ሲሰማ እናቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው የሚሸሹት ለዚህ ነው። የራሳቸውን ወንዶች ድምፅ ለይተው ስለሚያውቁት ግን ከተኙበት አይነሡም። ፊልሙ «ነገሥታት» ይላቸዋል። እኔ እናቶቹን ነው የማየው። አንድ ወንድ ብቻውን ከመጣ ተሰብስበው ሊያባርሩት ይችላሉ፤ ብዙ ሆነው ከመጡ ግን አይችሏቸውም። ስለዚህ የደቦሎቹ ዕድሜ የሚለካው በአባቶቻቸው ቁጥር ነው።

ይህን ከሁሉ በላይ የሚያሳየው ማፖጎ የሚባሉት አንበሶች ታሪክ ነው። አገሩ ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ሳቢ ሳንድ የሚባል ጥብቅ ዱር፣ ከክሩገር ፓርክ ጋር ድንበርተኛ ነው፣ በመካከላቸው አጥር የለም። ቱሪስት በመኪና በየቀኑ ስለሚሄድበት እያንዳንዱ አንበሳ ስም አለው፣ እያንዳንዱ ጠብ ይመዘገባል። ማፖጎ የሚለውን ስም ያገኙት ሌባ በመግረፍ ከታወቀ የዚያው አገር የጥበቃ ቡድን ነው።

ስድስት ነበሩ። አምስቱ በአንድ መንጋ ያደጉ ናቸው፤ ስድስተኛው ማኩሉ ከሌላ ቦታ መጥቶ ገና ልጆች ሳሉ የተቀላቀላቸው ነው፣ በዕድሜም ታላቃቸው ነበር። ስድስት ወንድ አብሮ እምብዛም አይገኝም። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ሳቢ ሳንድን ወረሩት። በአንድ መንጋ አልበቃቸውም፣ ሌላውንም ሌላውንም ያዙ። ጎሽ ይጥላሉ፣ ቀጭኔ ይጥላሉ። ሌሎች አንበሶችን ይገድላሉ፣ ይበሏቸዋልም። ጂዶ ይህን ሲያዩ ያጨበጭባሉ።

ከዚያ ተከፈሉ። ሁለቱ፣ ጅራቱ የተጣመመው ኪንኪ ቴልና ሰዎች «ሰይጣን» ብለው የሚጠሩት ሚስተር ቲ፣ ወደ ምሥራቅ ሄደው የራሳቸውን ግዛት ያዙ። አራቱ በምዕራብ ቀሩ። ስድስት የነበረው ሁለትና አራት ሆነ። እኔ ሁለቱ ሲሄዱ ሳይ «ተመለሱ!» ብዬ ካውያውን ሸሚዙ ላይ ረስቼው ነበር። ሸሚዙ ተረፈ።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2010 አምስት ወጣት ወንዶች መጡ፤ ማጂንጊላኔ ይሏቸዋል። ኪንኪ ቴልና ሚስተር ቲ አንዱን ነጥለው አግኝተው ገደሉት። እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። የሟቹ አራት ጓደኞች ግን መጡና ኪንኪ ቴልን ከበው ጣሉት። ሚስተር ቲ ሊያድነው ቢሞክርም አራቱን ስላልቻላቸው ሸሸ። ወዴት ይሂድ? ወደ ወንድሞቹ ተመለሰ። ወንድሞቹም ተቀበሉት። እሱ ግን እዚያ ያገኛቸውን የወንድሞቹን ደቦሎች ገደለ። ይህን ያነበብኩ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለወንድም ልጅ ደሙ ነው ብዬ ከላይ የጻፍኩትን ልሰርዘው አስቤ ተውኩት፤ ሁለቱም እውነት ነው።

ከዚያ በኋላ ማፖጎ እየሳሱ ሄዱ። ከአምስቱ ሁለቱ ጠፉ፣ ሦስት ቀሩ። በመጋቢት 2012 ደግሞ ሰላቲ የሚባሉ አራት ወጣቶች ከደቡብ መጥተው ሚስተር ቲን ገደሉት፤ ኪንኪ ቴል በሞተበት ዓይነት፣ አራት ለአንድ። እነዚህ ሰላቲዎች ከሩቅ የመጡ አይደሉም፣ እንደ ማፖጎዎቹ ከእናቶቻቸው ተባረው ያደጉ ናቸው።

የቀሩት ሁለቱ ግዛቱን ለቀው ወጡ፤ አንደኛው ማኩሉ ነበር። ወንድማቸው ያልነበረው፣ ከውጭ መጥቶ የተጠጋው፣ ከሁሉም በላይ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2013 ሲታይ ዕድሜው 15 ዓመት ገደማ ነበር፤ ዱር ላይ ለወንድ አንበሳ ይህ እጅግ ብዙ ነው። ጎፈሩ ሳስቶ፣ ጎኑ ገብቶ፣ ክሩገር ውስጥ በማንም ግዛት ጠርዝ ጠርዙን ይሄድ ነበር።