የከተማ ጎዳና ለመኪና ውድድር ሲዘጋ፡ ቺካጎን ያጓጓውና ያጨቃጨቀው ናስካር

በአሜሪካዋ ቺካጎ ከሚቺጋን ሐይቅ ዳርቻ የተንጣለለው ግራንት ፓርክ ዓለም የሚያውቀው ሥፍራ ነው። ባራክ ኦባማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኅዳር 2008 የፕሬዝዳንትነት ምርጫውን ባሸነፉበት ምሽት ለደጋፊዎቻቸው ንግግር ያደረጉት በዚሁ መናፈሻ ነበር።

ከ2023 እስከ 2025 በነበሩት ሦስት ዓመታት ደግሞ፣ በየሐምሌ ወር መጀመሪያ፣ መናፈሻውን የሚያዋስኑትና የሚያቋርጡት ጎዳናዎች ለታክሲ፣ ለአውቶብስና ለእግረኛ ተዘግተው ከ600 በላይ የፈረስ ጉልበት ላላቸው የውድድር መኪኖች ተለቅቀው ነበር። ናስካር የተባለው የአሜሪካ የመኪና ውድድር ማኅበር ዋናውን የሻምፒዮና ውድድሩን በከተማ ጎዳና ላይ ሲያካሂድ ይህ የመጀመሪያው ነው።

የውድድሩ አፍቃሪዎች ያን ቀን በናፍቆት ጠበቁት። በአካባቢው ከሚኖሩት ብዙዎቹም ቀን ይቆጥሩ ነበር፤ እነርሱ ግን የሚቆጥሩት ውድድሩ አልቆ መንገዱ የሚከፈትበትን ቀን ነበር።

ለመሆኑ የጎዳና ላይ የመኪና ውድድር ይህን ያህል የሚናፈቀው ለምንድን ነው? አንዱን የሚያጓጓው ነገር ሌላውን የሚያስቆጣውስ ለምን ይሆን?

ከአረቄ አመላላሾች እስከ ሻምፒዮና

‘ስቶክ ካር’ የሚለው ስያሜ መነሻው ቀላል ነው። ለውድድር ተብሎ የተሠራ ልዩ ተሽከርካሪ ሳይሆን፣ ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ፣ ማንም ሰው ገዝቶ ሊነዳው የሚችል መኪና ማለት ነው።

የታሪኩ አንዱ ሥር የሚገኘው አሜሪካ የአልኮል መጠጥን በሕግ በከለከለችባቸው ከ1920 እስከ 1933 ባሉት ዓመታት ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜና ከዚያም በኋላ በደቡባዊ ግዛቶች በድብቅ የወጣ አረቄ በሌሊት የሚያመላልሱ አሽከርካሪዎች ነበሩ። መኪኖቻቸው ከውጭ ሲታዩ ከጎረቤት መኪና አይለዩም፤ ሞተራቸው ግን ከፖሊስ ለማምለጥ እንዲያስችል የተጠናከረ ነበር። የማን መኪና ይበልጥ ይፈጥናል የሚለው ፉክክር ከጊዜ በኋላ ወደ አደባባይ ወጣ።

ቢል ፍራንስ ይህን የተበታተነ ውድድር በአንድ ደንብ ሥር ለማሰባሰብ በ1948 በፍሎሪዳዋ ዴይቶና ቢች ናስካርን መሠረተ። የዴይቶና የመጀመሪያው የመወዳደሪያ ሥፍራ ገሚሱ የባሕር ዳርቻ አሸዋ፣ ገሚሱ ደግሞ የሕዝብ አውራ ጎዳና ነበር። በ1959 ግዙፉ የዴይቶና የመወዳደሪያ ሜዳ ከተከፈተ ወዲህ ግን ናስካር ሲባል በብዙዎች አእምሮ የሚመጣው ሞላላ ሜዳ፣ ዳርና ዳሩ ከፍ ያለ መታጠፊያ፣ ወደ ግራ ብቻ የሚዞሩ መኪኖችና እጅግ ከፍተኛ ፍጥነት ሆነ።

የዛሬዎቹ መኪኖች ከስማቸው ጋር የሚያገናኛቸው ነገር እምብዛም ነው። መልካቸው ፎርድን፣ ሼቭሮሌትንና ቶዮታን ቢመስልም ከጎማቸው እስከ ሞተራቸው ለውድድር ብቻ የተሠሩ፣ ስምንት ሲሊንደር ያላቸውና ክብደታቸው አንድ ቶን ተኩል ገደማ የሚደርስ ናቸው።

ለምን ጎዳና? ለምንስ ቺካጎ?

ቺካጎ ለመኪና ውድድር ባዕድ አይደለችም። በአሜሪካ የመጀመሪያው የመኪና ውድድር እንደሆነ የሚነገርለት ፉክክር የተካሄደው በኅዳር 1895 በዚህችው ከተማ ነበር። ስድስት ተሽከርካሪዎች በበረዶ በተሸፈነ መንገድ ከቺካጎ ወደ ኤቫንስተን ደርሰው ለመመለስ ተነሡ። ጉዞውን የፈጸሙት ሁለት ብቻ ሲሆኑ፣ አሸናፊው ፍራንክ ዱርየ ነበር።

ናስካርም በከተማዋ አቅራቢያ በጆሊየት በሚገኘው ሞላላ ሜዳ ከ2001 እስከ 2019 ዋና ውድድሩን አካሂዷል። ነገር ግን ወደዚያ ለመድረስ ከከተማዋ መሀል አንድ ሰዓት ገደማ መንዳት ያስፈልጋል፤ ውድድሩን አስቦ የማይሄድ ሰው አያገኘውም። የጎዳናው ሐሳብ ይህን ገለበጠው፦ ሕዝቡ ወደ ውድድሩ ካልመጣ ውድድሩ ወደ ሕዝቡ ይሂድ የሚል ነበር።

ከዚህ ጀርባ ‘የናስካር ደጋፊ ማን ነው?’ የሚል የቆየ ጥያቄም አለ። ስፖርቱ ለረጅም ዘመን የሚታወቀው የደቡብ ነጮች መዝናኛ በመባል ነበር። በ1963 በጃክሰንቪል ያሸነፈው ጥቁር አሜሪካዊ ዌንዴል ስኮት፣ ድሉ በመጀመሪያ ለሌላ ተወዳዳሪ ተሰጥቶበት፣ በዕለቱ ዋንጫውን ሳያነሳ ቀርቷል። ከእርሱ ቀጥሎ በዋናው ምድብ ያሸነፈው ጥቁር አሽከርካሪ ቡባ ዋላስ ሲሆን፣ ይህም የሆነው በ2021 ነው። ናስካር በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የባርነት ሥርዓትን ይዘው የተዋጉትን የደቡብ ግዛቶች ሰንደቅ ዓላማ ከመወዳደሪያ ሜዳዎቹ ያገደውም በ2020 ነበር።

የዋላስ ቡድን ከባለቤቶቹ አንዱ ማይክል ጆርዳን ነው። ከቺካጎ ቡልስ ጋር ስድስት ዋንጫ ያነሣው የቅርጫት ኳስ ኮከብ ቡድኑን ይዞ ወደዚያች ከተማ መሀል ሲመለስ፣ ስለ መኪና ውድድር ደንታ የሌለው ቺካጓዊ እንኳ ጆሮውን ማቅናቱ አይቀርም።

የሚናፈቀው ምኑ ነው?

ጉጉቱ የተጀመረው ጎዳናው ከመዘጋቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። በ2021 አሽከርካሪዎች በኮምፒውተር በተሠራ የቺካጎ ጎዳና ላይ ተወዳድረው ውድድሩ በቴሌቪዥን ተላልፎ ነበር። በጨዋታ መልክ የታየው ነገር በእውን እንደሚካሄድ የተገለጸው በሐምሌ 2022 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የጎደለው የጥበቃ ጊዜ ነበር።

የመጀመሪያው መስህብ መንገዱ የታወቀ መሆኑ ነው። ሞላላውን ሜዳ ከተወዳዳሪዎች በቀር የሚነዳበት የለም። ሚቺጋን አቬኑን ግን አውቶብስ ይመላለስበታል፤ የሐይቁን ዳርቻ ይዞ በሚያልፈው ሌክ ሾር ድራይቭም በሥራ መውጫ ሰዓት መኪና እንደ ኤሊ ይሳባል። በዚያ መንገድ በየቀኑ የሚመላለስ ሰው የእያንዳንዱን መታጠፊያ ጠባይ ያውቃል። ውድድሩን ሲመለከት የሚያየው የራሱን መንገድ በሌላ ፍጥነት ነው።

ሁለተኛው ማን እንደሚያሸንፍ መገመት አለመቻሉ ነው። 3.5 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 12 መታጠፊያዎች ባሉት በዚህ ጎዳና ላይ ከ2023 በፊት ማንም ተወዳድሮ አያውቅም። የውድድሩ ሰሞን እስኪደርስ ድረስም መንገዱ ለትራፊክ ክፍት ስለሆነ ለመለማመድ አይቻልም። በሞላላው ሜዳ ለዓመታት የነገሠ አሽከርካሪ እዚህ እንደ ጀማሪ ይሆናል።

ሦስተኛው አደጋው ነው። ሜዳ ላይ የሳተ መኪና የሚንሸራተትበት ሣር ወይም ጠጠር ሊያገኝ ይችላል። በጎዳናው ላይ ግን ከአስፋልቱ ቀጥሎ ያለው የኮንክሪት ግድግዳ ነው። አስፋልቱ ራሱም የተጣጣፈ፣ ለውኃ መውረጃ ተብሎ ያዘነበለና የጉድጓድ ክዳኖች ያሉበት ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ በላስ ቬጋስ ጎዳናዎች በተካሄደው የፎርሙላ ዋን ልምምድ፣ ከቦታው የተነሣ የጉድጓድ ክዳን የካርሎስ ሳይንዝን ፌራሪ ክፉኛ ጎድቶ ልምምዱ ገና እንደተጀመረ ተቋርጧል።

ዝናብ ያጠበው የመጀመሪያ ቀን

ጁላይ 2 ቀን 2023 ሲደርስ ግን ቀድሞ የደረሰው ዝናብ ነበር። በቺካጎ ለዚያ ዕለት ከተመዘገበው ሁሉ የበለጠ ዝናብ ጣለ። ከሙዚቃ ዝግጅቶቹ የተሰረዙ ነበሩ፤ ቅዳሜ የተጀመረው የሁለተኛው ምድብ ውድድርም ሳይጠናቀቅ አሸናፊው ታወጀ።

ዋናው ውድድር ዘግይቶ በረጠበ መንገድ ላይ ተጀመረ። መኪኖች ተራ በተራ ከግድግዳው ጋር ተላተሙ። በአንድ መታጠፊያ ላይ ከፊት የነበረ መኪና መንገዱን ሲዘጋ ከኋላው ከአሥር የሚበልጡ ተወዳዳሪዎች ተደርድረው ቆሙ፤ ጎዳናው ለአፍታ ወደ ቀድሞ ሥራው፣ ወደ ትራፊክ መጨናነቅ፣ የተመለሰ መሰለ። ለ100 ዙር የታቀደው ውድድርም ጨለማ ከመውረዱ በፊት እንዲያልቅ ተብሎ ተቀነሰና በ78ኛው ዙር ተጠናቀቀ።

ያሸነፈው ሼን ቫን ጊዝበርገን የተባለ የ34 ዓመት ኒውዚላንዳዊ ነበር። በአውስትራሊያ የሱፐርካርስ ውድድር ሦስት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነና በጎዳና ላይ መንዳትን ጠንቅቆ የሚያውቅ ቢሆንም፣ በናስካር ዋና ምድብ ሲወዳደር ይህ የመጀመሪያ ቀኑ ነበር። በመጀመሪያ ተሳትፎው ያሸነፈ አሽከርካሪ ከታየ 60 ዓመት አልፎ ነበር።

ቀኑን ሙሉ የተደበደበው ተመልካች የጠበቀውን አላጣም። በቴሌቪዥን የተከታተለው ሰው ቁጥርም ወደ 4.8 ሚሊዮን ተጠግቷል። ቫን ጊዝበርገን ኑሮውን ወደ ናስካር አዙሮ በ2025 ቺካጎ ላይ ቅዳሜም እሑድም አሸንፏል። የ2024ቱ ባለድል አሌክስ ቦውማን ነበር፤ ያን ዓመትም ዝናቡ አልቀረም።

ጎዳናው የማን ነው?

መንገድ ተዘግቶ ውድድር ማየት ለአካባቢያችን አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። በአዲስ አበባ ታላቁ ሩጫ በሚካሄድበት እሑድ መንገዶች ይዘጋሉ፤ በአስመራም ብስክሌተኞች ሲፎካከሩ ነዋሪው ዳር ዳሩን ይዞ ያበረታታል። ነገር ግን የሯጭ ጎዳና ጠዋት ተዘግቶ በዚያው ቀን ይከፈታል። የመኪና ውድድር የኮንክሪት ግድግዳ፣ የሽቦ አጥር፣ የተመልካች መቀመጫና ድልድይ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ለመትከልና ለመንቀል በቺካጎ ሳምንታት ወስዷል።

በዚህ ምክንያት የጎዳናው ታሪክ ሁለት መልክ አለው። ነዋሪዎች ስለ መንገድ መጨናነቅ፣ ስለ ሞተር ጩኸትና በበጋ ወራት መናፈሻቸውን ስለማጣታቸው አማርረዋል። በሌላው ቀን ማንም በነፃ የሚገባበት ሥፍራ በመጀመሪያው ዓመት ለሁለት ቀን ዝቅተኛ መግቢያው 269 ዶላር ነበር። ውድድሩ ከመጀመሩ በፊትም የድምፅ መሣሪያ በመትከል ላይ የነበረ አንድ ሠራተኛ በኤሌክትሪክ አደጋ ሕይወቱ አልፏል።

ሂሳቡም አከራካሪ ነበር። የሦስት ዓመቱ ስምምነት የተፈረመው በቀድሞዋ ከንቲባ ሎሪ ላይትፉት ዘመን ሲሆን፣ አንዳንድ የከተማዋ ምክር ቤት አባላት አስቀድሞ አልተማከርንም ሲሉ ተቃውመዋል። ናስካር ለመጀመሪያው ዓመት የከፈለው የፈቃድ ክፍያ 500 ሺህ ዶላር ነበር፤ ከተማዋ ለፖሊስና ለሌሎች አገልግሎቶች ያወጣችው ግን 3.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሆነ ተዘግቧል። የከተማዋ የቱሪዝም ተቋም ያስጠናው ጥናት በበኩሉ ውድድሩ 109 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚገመት የኢኮኖሚ እንቅስቃሴ ፈጥሯል ብሏል።

ሁለቱ ቁጥሮች አይቃረኑም፤ የሚናገሩት ስለተለያየ ኪስ ነው። ወጪው የሚወጣው ከከተማዋ ካዝና ሲሆን፣ ገቢው በአብዛኛው የሚገባው ለሆቴል፣ ለምግብ ቤትና ለንግድ ድርጅት ነው። በዚያ ሰሞን ደንበኛ ለራቀበት ባለሱቅ ወይም መንገዱ ለተዘጋበት ባለታክሲ የከተማው አጠቃላይ ድምር መጽናኛ አይሆነውም።

ናስካር ቅሬታውን ችላ አላለም። የከተማዋን ወጪ ለመጋራት ተጨማሪ ገንዘብ ለመክፈል ተስማምቷል፤ መንገድ የሚዘጋበትንም ጊዜ ከዓመት ዓመት አሳጥሯል።

ቀጥሎስ?

ሦስተኛው ውድድር በተካሄደ በሁለተኛው ሳምንት፣ በሐምሌ 2025፣ ናስካር የቺካጎ የጎዳና ውድድር በ2026 እንደማይካሄድ አስታወቀ። በሩን ግን ፈጽሞ አልዘጋውም፤ ወደፊት የመመለስ ፍላጎት እንዳለው ገልጿል። የ2026 መርሐ ግብሩ የቺካጎን ደጋፊ ወደ ጆሊየቱ ሞላላ ሜዳ የሚመልስ ነው።

ለጎዳናው ውድድር የተመረጠው አዲስ ሥፍራ ደግሞ ብዙ ይናገራል። በሰኔ 2026 እንዲካሄድ የታቀደው በካሊፎርኒያዋ ሳንዲዬጎ፣ በኮሮናዶ የባሕር ኃይል ሠፈር ውስጥ ነው። እዚያም አስፋልት አለ፤ ግድግዳ አለ፤ ከዚህ በፊት ማንም ያልተወዳደረበት መታጠፊያ አለ። በአጥር የተከለለ የጦር ሠፈር ስለሆነ ግን ለሥራ የሚጣደፍ መንገደኛና ባለሱቅ በብዛት የለበትም።

በዚህ ምርጫ አዘጋጆቹ ከትልቁ ጭቅጭቅ ይድናሉ። ከተመልካቹ የሚጎድልበት ግን አለ፤ ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራው ሲሄድ እሑድ መኪኖቹ የተፎካከሩበትን መታጠፊያ በራሱ መኪና ሊዞረው አይችልም። የቺካጎው ውድድር ያጓጓው መንገዱ የሁሉም ስለነበረ ነው፤ ያጨቃጨቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። ናስካር ዳግም ወደ ከተማ መሀል ለመመለስ ከፈለገ፣ የሚጠብቀው ሰው ደስታና የሚዘጋበት ሰው ድርሻ አብረው በስምምነቱ ላይ መስፈር ይኖርባቸዋል።