የኬሞካይን ተቀባዮችና የነጭ የደም ሕዋሳት ጉዞ፦ የዳፊ ተቀባይ ለባሌ ሐኪም ያለው ትርጉም

በላቦራቶሪ ከክንድ በተቀዳ ደም ውስጥ የሚቆጠሩት ኒውትሮፊሎች በሰውነት ውስጥ ካሉት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። አብዛኞቹ በአጥንት መቅኔ ውስጥ በተጠባባቂነት ይቆያሉ፤ ሌሎቹ ደሙን ለቀው ወደ አካላት ገብተዋል። ይህን ስርጭት በዋናነት የሚመሩት ኬሞካይን የተባሉት ትንንሽ ፕሮቲኖችና ተቀባዮቻቸው ናቸው።

ኬሞካይን ከተቀባዩ ጋር ሲጣመር በሕዋሱ ውስጥ ያለው ጂ-ፕሮቲን ይነቃና ለሁለት ይከፈላል። ከዚህ የሚነሣው መልእክት ኢንቴግሪኖችን አንቅቶ ሕዋሱን ከደም ሥር ግድግዳ ጋር ያጣብቃል፤ ኬሞካይኑ ወደበዛበት አቅጣጫም የአክቲን ክሮችን ገንብቶ ያራምደዋል። ሲኤክስሲአር4 ኒውትሮፊልን በመቅኔ ሲያቆይ፣ ሲኤክስሲአር2 ወደ ደም እንዲወጣ ያደርጋል።

ኤሲኬአር1 ወይም የዳፊ ተቀባይ ከእነዚህ ይለያል፤ ኬሞካይንን ይይዛል እንጂ በጂ-ፕሮቲን በኩል መልእክት አያስተላልፍም። ለወባ ተመራማሪዎች ግን የቆየ ትውውቅ ነው፤ ፕላዝሞዲየም ቫይቫክስ ወደ ቀይ የደም ሕዋስ የሚገባው በዋናነት በእርሱ በኩል ነው። በጂኑ ማነሣሻ ክፍል አንዲት ፊደል ስትለወጥ ተቀባዩ ከቀይ ሕዋሳት ይጠፋል፤ በደም ሥር ግድግዳ ላይ ግን ይቀራል። በኢትዮጵያ ተቀባዩ ያላቸውና የሌላቸው ሰዎች ጎን ለጎን ይኖራሉ። ቫይቫክስ የሌላቸውንም ሊይዝ እንደሚችል በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል።

እ.ኤ.አ. በ2017 በኔቸር ኢሚዩኖሎጂ የታተመ ጥናት፣ በመቅኔ ውስጥ ባሉ ጀማሪ ቀይ ሕዋሳት ላይ ይህ ተቀባይ ሲጠፋ የሚፈጠሩት ኒውትሮፊሎች ደሙን በቀላሉ እንደሚለቁ አመልክቷል። ስለዚህ ቁጥሩ ዝቅ ማለቱ ብቻውን የመከላከል አቅም መጓደሉን አያሳይም።

ጉዳዩ ከሕክምና ውሳኔ ጋር ይያያዛል። በተለመደው መመዘኛ በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ1,500 በታች ኒውትሮፊል መገኘት እንደ ጉድለት ይቆጠራል። ከሮቤና ከጎባ ደጋ ወይም ከደሎ መና ቆላ የመጣ፣ ተቀባዩ የሌለው ታካሚ በዚህ ብቻ ሲመዘን የካንሰር መድኃኒቱ ሊቀነስበት ወይም ያለ በቂ ምክንያት መቅኔው ሊመረመር ይችላል። በሌላ በኩል ኤችአይቪ፣ ታይፎይድና ካላ አዛርም ነጭ ሕዋሳትን ስለሚቀንሱ፣ ዝቅተኛውን ቁጥር ሁሉ በዳፊ ማመካኘት አደገኛ ነው።

መፍትሔው የጤነኛ ነዋሪዎችን የኒውትሮፊል መጠን ከዳፊ ዓይነታቸው ጋር መዝግቦ የአካባቢውን መመዘኛ ማውጣት ነው። ደጋና ቆላ በቅርብ ርቀት የሚገናኙበት ባሌ፣ ሮቤ ላይ ለሚገኘው የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለዚህ ሥራ ምቹ ስፍራ ነው።