የአቅጣጫ ምልክት በትላልቅ ሆስፒታሎች የሕክምና አገልግሎቱ አካል ነው

በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የሚታከም ሰው ካርድ ከሚያወጣበት ጊዜ አንስቶ መድኃኒት እስከሚረከብ ድረስ በገንዘብ መክፈያ፣ በላቦራቶሪ፣ በራጅና በሌሎች ክፍሎች ይመላለሳል። የክፍሎቹ መገኛ በግልጽ ካልተመለከተ ሕመምተኛውና አስታማሚው በፍለጋ ይደክማሉ፤ ወረፋም ያልፋቸዋል። ሕመሙ ድንገተኛ ከሆነ ደግሞ በፍለጋ የሚባክነው ጊዜ ሕይወትን ለአደጋ ሊዳርግ ይችላል።

ችግሩ የሆስፒታሉን ሠራተኞችም ይመለከታል። እ.ኤ.አ በ1990 የወጣ አንድ ጥናት እንዳመለከተው፣ 604 አልጋዎች ባሉት የአሜሪካ ሪፈራል ሆስፒታል መንገድ መጠቆም የሥራ ድርሻቸው ያልሆነ ሠራተኞች ለዚሁ ተግባር በዓመት ከ4 ሺህ 500 በላይ የሥራ ሰዓት ያውሉ ነበር። ከመንገድ ፍለጋ ጋር የተያያዘው አጠቃላይ ወጪም በዓመት ከ220 ሺህ ዶላር በላይ ተገምቷል።

የምልክት ሥራ የሚጀምረው ሰሌዳ ከማሠራት ሳይሆን፣ ሕመምተኛው ከዋናው በር ጀምሮ የሚጓዝበትን መስመር ከማጥናት ነው። ኮሪደሮች በሚገናኙበት ስፍራ፣ በደረጃና በሊፍት አጠገብ፣ ተጓዡ አቅጣጫ መምረጥ በሚኖርበት ቦታ ሁሉ ምልክት ያስፈልጋል። ኮሪደሩ ረጅም ሲሆን ተጓዡ አለመሳሳቱን እንዲያውቅ ምልክቱ በመካከሉ ይደገማል። በር ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ በሩ ሲከፈት ስለሚሰወር፣ ከግድግዳው ወደ ኮሪደሩ ወጣ ብሎ የተተከለ ሰሌዳ ከሩቅ ለማየት ይመቻል።

የክፍሉ መጠሪያም በሁሉም ስፍራ አንድ መሆን ይኖርበታል። ሐኪሙ በሰጠው ማዘዣ ላይ «ራዲዮሎጂ» የተባለው ክፍል በሰሌዳው ላይ «ራጅ» ከተባለ፣ ማንበብ የሚችለውም ሰው ይደናገራል። ቀለም ክፍሎችን ለመለየት ቢረዳም ቀለማትን መለየት የሚቸግራቸው ሰዎች ስላሉ ከጽሑፍና ከሥዕል ጋር ሊጣመር ይገባል።

ሕመምተኞች ከተለያዩ አካባቢዎች በሪፈር በሚመጡባቸው እንደ ጥቁር አንበሳ ባሉ የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የቋንቋ ጉዳይ ልዩ ትኩረት ይሻል። ጽሑፉ በሕመምተኞቹ ቋንቋዎች መዘጋጀቱ አስፈላጊ ቢሆንም ማንበብ ለማይችሉት በቂ አይደለም። በአሜሪካ «ሃብላሞስ ሁንቶስ» የተሰኘው ፕሮጀክት የተለያየ ቋንቋ ተናጋሪዎች የሚረዷቸውን 28 የሆስፒታል ሥዕላዊ ምልክቶች በቅድሚያ ያዘጋጀ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ በ2010 ቁጥራቸው 54 ደርሷል። ይሁንና ሥዕሎቹ በአንድ አገር ስለተለመዱ ብቻ በሌላው ይገባሉ ማለት ስላልሆነ፣ ከመሰቀላቸው አስቀድሞ በተገልጋዮች መፈተሽ አለባቸው።

ሆስፒታሉን የማያውቅ ሰው ማንንም ሳይጠይቅ ከበሩ እስከ ላቦራቶሪ መድረስ መቻሉ ቀላሉና አስተማማኙ መመዘኛ ነው። ክፍል ተዛውሮ ነባሩ ሰሌዳ በቦታው ከቀረ ግን ምልክት ካለመኖሩ ይልቅ ያሳስታል። በመሆኑም ምልክቶቹን በየጊዜው የሚከታተልና የሚያድስ ኃላፊነት ያለበት ክፍል መመደብ ይገባል።