የእሁድ ገበያ፦ ከማን፣ ምን፣ መቼ እንደሚገዛ

አዲስ አበባ ውስጥ እሁድ ጠዋት ዘንቢል ይዞ የሚወጣው ሰው በዝቷል። ከ2014 ዓ.ም ወዲህ በየክፍለ ከተማው የተስፋፋው የእሁድ ገበያ ለብዙ ቤተሰብ የሳምንቱ ዋና መሸመቻ ሆኗል። አንዳንዱ በተከለለ ሜዳ፣ አንዳንዱ ለዕለቱ ለመኪና በሚዘጋ መንገድ ላይ ይቆማል። ስሙ የእሁድ ይባል እንጂ በብዙ ሰፈር ቅዳሜም ይውላል። ጤፉ ከነጆንያው፣ ሽንኩርቱ ከነአፈሩ፣ ዘይቱ ከነካርቶኑ ጎን ለጎን ተደርድሮ ይሸጣል። ነገር ግን ከዚህ ገበያ በደንብ የሚጠቀመው ከፊቱ የቆመው ሻጭ ማን እንደሆነ ለይቶ የሚገዛ ሰው ነው።

ዋጋው ከመደበኛው ገበያ ሊቀንስ የሚችልበትን ምክንያት ለመረዳት ከመቂ ወይም ከዝዋይ አካባቢ የሚመጣን ቲማቲም እንከተል። ገበሬው ገና ማሳው ላይ ሳለ ደላላ መጥቶ ከነጋዴ ጋር ያዋውለዋል። ነጋዴው አስለቅሞ፣ በሳጥን አስሞልቶ፣ አይሱዙ ላይ አስጭኖ ወደ ከተማ ያስገባል። ጭነቱ አትክልት ተራ ይራገፋል። (ፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም በኮሮና ምክንያት ለጊዜው ወደ ጃንሜዳ ወጥቶ፣ ኋላ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ወዳለው ቦታ ተዛውሯል።) ከዚያ አከፋፋዩ ይረከባል፣ ከአከፋፋዩ ቸርቻሪው፣ ከቸርቻሪው ደግሞ የሰፈራችን ጉሊት። በእያንዳንዱ ርምጃ የጫኝና አውራጅ፣ የመኪናና የቦታ ወጪ ይታከልበታል። ቲማቲም ደግሞ ቶሎ የሚበላሽ በመሆኑ በየደረጃው የተጨፈለቀውና የተጣለው ሁሉ ደህና ሆኖ በተረፈው ላይ ይታሰባል። ሸማቹ አንድ ኪሎ ሲገዛ መንገድ ላይ የቀረውንም አብሮ ይከፍላል ማለት ነው። የእሁድ ገበያ የታሰበው ይህን ሰንሰለት ለማሳጠር ነው።

ሰንሰለቱን በዋናነት የሚያሳጥሩት የገበሬ ዩኒየኖች ናቸው። አሠራሩ ቀላል ነው። ገበሬዎች በየአካባቢያቸው መሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበር ያቋቁማሉ፣ መሠረታዊ ማኅበራቱ ተሰባስበው ዩኒየን ይሆናሉ። ዩኒየኑ ምርቱን ከአባላቱ ሰብስቦ በራሱ መኪና ወይም በኪራይ ያመጣል፤ ከሚገኘው ትርፍም ለአባላቱ የሚመለስ አለ። ስለዚህ ከዩኒየን የተገዛ ጤፍ ለገዢውም ለገበሬውም ይበጃል።

ሆኖም በእሁድ ገበያ የሚሸጠው ሁሉ ገበሬ አይደለም። የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ ፋብሪካዎች፣ አስመጪዎች፣ እንዲሁም ከአትክልት ተራ አንስተው የሚያመጡ ነጋዴዎች አሉበት። ነጋዴ መሆን ነውር የለውም፤ ጨዋ ነጋዴ ሞልቷል። ግን ከእርሱ የምትገዙት ሰንሰለቱን አልፎ የመጣ ዕቃ ስለሆነ በዋጋ ከሰፈር ጉሊት ብዙም ላይለይ ይችላል። የምትለዩበት መንገድ አለ። ከማሳ የመጣ ሻጭ ብዙ ጊዜ የሚይዘው የአንድ አካባቢ ምርት፣ ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት ብቻ ነው። የአርባ ምንጭ ሙዝ፣ የሻሸመኔ ድንችና የመቂ ቲማቲም በአንድ መደብ ላይ ካያችሁ ሻጩ ነጋዴ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ጠይቁ፦ «ይህ ከየት መጣ? መቼ ተሰበሰበ?» ያመረተው ሰው ሳያመነታ ይነግራችኋል፤ የዝናቡን ሁኔታ፣ የዘሩን ዓይነት፣ ዘንድሮ ምርቱ ለምን እንዳነሰ ሁሉ ይጨምርላችኋል።

አምራቹንና በላተኛውን ፊት ለፊት የሚያገናኝ ገበያ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የጎንደርና የላሊበላ ቅዳሜ ገበያ፣ የሰንበቴ እሁድ ገበያ፣ የባቲ ሰኞ ገበያ ዕድሜ ጠገብ ናቸው። ሰንበቴና ባቲ ላይ የደጋው እህልና የቆላው ከብት ይገናኛሉ፤ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ አብረው ይገበያያሉ። የገበያው ቀን ከቦታ ቦታ የሚለያየው በምክንያት ነው። ጎረቤታሞች ገበያዎች በአንድ ቀን ከዋሉ ሻጩም ገዢውም ይከፈላል። ቀኑ ከተለያየ ግን እሁድ ሰንበቴ የዋለው ነጋዴ ሰኞ ባቲ ይደርሳል። ለሽርሽርም ለሸመታም ወደ ክፍለ ሀገር የምትወጡ ከሆነ የምትሄዱበት ከተማ ገበያ የሚውልበትን ቀን አስቀድማችሁ ጠይቁ። በሌላ ቀን ከደረሳችሁ የምታዩት ባዶ ሜዳ ሊሆን ይችላል።

ወደ ዕቃው እንምጣ። ጤፍ ስትገዙ ከጆንያው አፍ ላይ ብቻ አይታችሁ አትወስኑ፤ እጃችሁን እስከ ክርናችሁ ድረስ አስገብታችሁ ከሥር ዝገኑ። ላዩ ማኛ ሆኖ ታቹ ሌላ የሚሆንበት ጊዜ አለ። እጃችሁ ውስጡ ርጥበት ከተሰማው ተዉት፣ ይሻግታል። ጥቂት ፍሬ ጥርሳችሁ መካከል አድርጋችሁ ንከሱ፤ አሸዋ ካለበት ወዲያው ይነግራችኋል። ነጭ ካልሆነ አልገዛም ማለት ግን ተገቢ አይመስለኝም። ሰርገኛና ቀይ ጤፍ በዋጋ ይረክሳሉ፣ ለጣዕምም አይታሙም፤ በብረት ማዕድን ደግሞ ቀዩ ጤፍ ከነጩ ያንሳል የሚል ባለሙያ አላጋጠመኝም።

ቅቤ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ ቆዩ፤ ብዙ ገንዘብ የሚወጣበትም ብዙ ማጭበርበር የሚሠራበትም እሱ ነው። ቅቤ ሻጭ እናት ኮባውን ገለጥ አድርገው በእንጨት ጫፍ ሲያቀምሱ ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛው ሽታው ነው። ለጋ ቅቤ የወተት ሽታ ብቻ ነው ያለው፤ መካከለኛው ትንሽ ኮምጠጥ ይላል፤ በሳሉ አፍንጫ ይመታል፣ ለዶሮ ወጥ የሚመርጡት ብዙዎች ናቸው። ሁለተኛው ምላስ ላይ የሚያደርገው ነው። ንጹሕ ቅቤ በአፍ ሙቀት ቶሎ ይቀልጣል። ሞራ ወይም የረጋ ዘይት የተቀላቀለበት ግን ላንቃ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ጥርጣሬ ካላችሁ መጀመሪያ ግማሽ ኪሎ ብቻ ግዙ፤ ቤት ወስዳችሁ አንጥሩት፤ መዓዛውንና ከሥር የሚቀረውን ዝቃጭ አይታችሁ ሳምንት ተመለሱ። ወተት የሚበዛው ክረምቱ አልፎ ሣሩ ሲለመልም በመሆኑ መስከረምና ጥቅምት ለቅቤ ጥሩ ወራት ናቸው።

ስለ ማር አንድ የተሳሳተ እምነት ማረም ይገባል። የረጋ ማር ስኳር የተጨመረበት ነው ብለው የሚሸሹ አሉ። እውነቱ ሌላ ነው፤ ንጹሕ ማርም ይረጋል፣ በተለይ እንደ ላስታና እንደ ትግራይ ያለው ነጭ ማር። ማሩን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ከነዕቃው ብታስቀምጡት ተመልሶ ይላላል። ውኃ ላይ ጠብ ማድረግ፣ ክብሪት ማስነካት የሚባሉት የሰፈር ሙከራዎች አስተማማኝ አይደሉም። ለማር የሚያዋጣው የታወቀ ሻጭ ማግኘት ነው።

በርበሬን ደግሞ ከተቻለ ከነዛላው ግዙ። የተፈጨው ውስጥ ምን እንደገባ በዓይን መለየት አይቻልም። የማረቆም ሆነ የአላባ ዛላ ሲጨብጡት የሚንኮሻኮሽ፣ ሲሰበር ውስጡ የጠራ መሆን አለበት። ሚዛን እንዲያነሣ ውኃ የተረጨበት በርበሬ ይሻግታል፤ ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ነው፣ በማብሰልም አይጠፋም። ውስጡ ግራጫ ዱቄት የሚመስል ነገር ካያችሁ በነጻም ቢሰጧችሁ አትውሰዱ።

የጾምና የበዓል አቆጣጠር የገበያው ዋጋ ላይ ትልቅ ጫና አለው። በሁዳዴ 55 ቀናት የእንቁላልና የቅቤ ፈላጊ ይቀንሳል፣ የሽሮና የምስር ይጨምራል። የፋሲካ፣ የእንቁጣጣሽና የገና ሰሞን ሽንኩርት፣ ዶሮና ቅቤ አብረው ይወጣሉ። ሽንኩርት ደረቅ ቦታ ላይ ዘርግተው ቢያስቀምጡት ሳምንታት ስለሚቆይ ከበዓሉ ሁለት ሳምንት ቀድሞ መግዛት ያዋጣል። ከወቅቱ ጋር መሄድም እንዲሁ ነው፦ የበቆሎ እሸት ነሐሴና መስከረም፣ የሽንብራ እሸት ክረምቱ ወጥቶ በጋው ሲገባ፣ በለስ ሐምሌና ነሐሴ።

ገበያ የወጣ ሰው መብላትም አለበት። ከገበያው ዳር በከሰል ላይ የሚጠበሰው በቆሎ፣ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ፣ ንፍሮ፣ በሚዛን ሳይሆን በስኒ የሚሰፈር ቆሎ፣ ትኩስ ሳምቡሳ፣ በጀበና የሚቀዳ ቡና ይገኛል። ድሬዳዋና ሐረር ከሆናችሁ እርጥብ የሚባለውን ምግብ ሳትቀምሱ አትመለሱ። እነዚህን የሚሸጡት በብዛት ቤተሰባቸውን በዚሁ የሚያስተዳድሩ ሴቶች ናቸው፤ ሥራቸው ሌሊት ነው የሚጀምረው። ለጤና ሲባል ግን ምርጫ አድርጉ። ፊታችሁ የሚጠበሰው፣ የሚቀቀለውና ተልጦ የሚበላው ይሻላል። ተከትፎ ፀሐይ ላይ የዋለ ፍራፍሬና ሰላጣ ይቅርባችሁ። በላስቲክ ጠርሙስ የተገዛ ወተትም ቤት ደርሶ ሳይፈላ አይጠጣ።

ስለ ሰዓት ብዙ አይባልም፤ ማለዳ ምርጫ አለ፣ ሊበተን ሲል ቅናሽ አለ። ሲመዘን ሚዛኑ ባዶውን ዜሮ ላይ መቆሙን እዩ። በመደብ የሚሸጠውን ከሥር ያለውንም አገላብጡ። ዋጋ ከተስማማችሁ በኋላ ምርቃት መጠየቅ የገበያችን ወግ ነው፤ ሻጩም አንድ ሁለት ፍሬ ቢጨምር ደስ እያለው ነው። ዩኒየኖች ግን በተለጠፈ ዋጋ ስለሚሸጡ እነሱ ዘንድ መከራከር አያስፈልግም። ከቤታችሁ መያዣ ይዛችሁ ውጡ፤ በ2017 ዓ.ም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል።

አንድ ነገር አደራ ልበላችሁ። ጤፉ ጥሩ እንጀራ ከወጣው፣ ወይም አሸዋ ከተገኘበት፣ በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሱና ለሸጠላችሁ ሰው ንገሩት። በረጅሙ ሰንሰለት የሚሸጥ ገበሬ ምርቱን ማን እንደበላው እንኳን አያውቅም። በእሁድ ገበያ ግን ይህን ሊሰማ ይችላል፤ ሰምቶም ለከርሞ የሚዘራውን ይመርጣል።